ድሬ ላይ መንዳት፣ ደንገጎን መውረድ፦ ለአንድ አዲስ ነዋሪ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

የጥያቄው ፍሬ ነገር ይህ ነው። ጠያቂው አዲስ አበባ ውስጥ ለ11 ዓመት የቤት መኪና ነድተዋል፤ ከ2 ወር በፊት በሥራ ዝውውር ድሬዳዋ ገብተዋል። በእነዚህ 2 ወራት ውስጥ 2 ጊዜ ከባጃጅ ጋር ተጋጭተዋል፤ አንዱ ከፊታቸው የሚሄደው ባጃጅ አንዲት እናት ለማሻገር በድንገት ሲቆም፣ ሌላው ደግሞ አደባባይ ውስጥ የነበረው ባጃጅ ገና ለሚገባ መኪና ለማሳለፍ መሃል ላይ ቀጥ ሲል። ከመጪው ወር ጀምሮ በሳምንት 3 ቀን በድሬና በሐረር መካከል ያለውን ደንገጎ የሚባለውን ተራራማ መንገድ አልፈው ሐረር ደርሰው መመለስ አለባቸው። «የድሬ ሹፌር ነው ደንብ የማያውቀው ወይስ እኔ ነኝ አገሩን ያላወቅሁት? ደንገጎን ለመውረድስ ምን ልጠንቀቅ? አምሽቼ ብመለስ ችግር አለው?» ብለዋል።

ድሬዳዋ ተወልጄ ያደግሁ ስሆን መኪና መንዳት ሳስተምር 19 ዓመት ሆኖኛል፤ ከዚያ በፊት ለ6 ዓመት በጭነት መኪና ከድሬ ሐረር፣ ከሐረር ጅግጅጋ ተመላልሻለሁ። ለመጀመሪያው ጥያቄዎ አጭሩ መልስ፣ ደንቡን እርስዎም ያውቁታል፣ ባለባጃጆቹም ያውቁታል የሚል ነው። የመንገድ ትራፊክ ደንቡ ለአዲስ አበባም ለድሬዳዋም አንድ ነው። የሚለያየው ሰው ከደንቡ ውጭ በምን እንደሚግባባ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሹፌር ቦታ ይሻማል፤ የመኪናውን አፍንጫ ቀድሞ ያስገባው ያልፋል፣ ያላስገባው ይጠብቃል። ድሬ ውስጥ ግን ሹፌር ቦታ ይሰጣል፤ ተራው ላልደረሰም ይሰጣል፣ መንገድ መሃል ቆሞም ይሰጣል። ይህን የሚሰማ ሰው ወዲያው ድሬ ይሻላል ይላል። እኔ በሥራዬ ያየሁት ሌላ ነው። የሚሻማ ሹፌር ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ከደንብ ውጭ የሚቸር ሹፌር ግን የት ላይ እንደሚቆም አይታወቅም። የደረሱብዎት ሁለቱም ግጭቶች የመጡት ከክፋት ሳይሆን ከዚህ ደግነት ነው፤ እኔም ከተማዬን ስለምወዳት ይህን ሳልሸፋፍን መናገር አለብኝ።

አደባባዩን እንውሰድ። ቅድሚያው አደባባዩ ውስጥ ላለው ተሽከርካሪ ነው፤ የሚገባው ይጠብቃል። ይህ ደንብ የሚሠራው ውስጥ ያለው ሳይቆም ዞሮ ሲወጣ ብቻ ነው። ውስጥ ያለው ለሚገባው ከቆመ፣ ከኋላው ያለው ይቆማል፤ ከዚያ ኋላ ያለው ሌላ መውጫ ላይ ይቆማል፤ በመጨረሻ አደባባዩ በራሱ ጭራ ይታሰራል። ከዚራ በሚባለው ሰፈር ውስጥ መንገዶቹ ሰፊና ቀጥ ያሉ ስለሆኑ ይህ ጠባይ ብዙ ጉዳት አያስከትልም፤ ሰፈሩ ባቡሩ ድሬ በደረሰበት በ1895 ዓ.ም. ከተማዋ ስትቆረቆር በዕቅድ የተዘረጋ ነው። የደቻቱን ወንዝ ተሻግረው መጋላ ሰፈር ሲገቡ፣ በተለይ ቀፊራ ገበያ አካባቢ፣ እግረኛው፣ አህያው፣ ጋሪውና ባጃጁ በአንድ መስመር ስለሚሄዱ፣ አንድ ሰው በደግነት ሲቆም ከኋላው ያሉት በሙሉ በየአቅጣጫው ሊያልፉት ይሞክራሉ። አደጋው የሚደርሰውም እዚያ ላይ ነው።

ይህን ከሩቅ ሆኜ አይደለም የምናገረው። በ2006 ዓ.ም. አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከደቻቱ ድልድይ ወደ መጋላ ስሄድ ሕፃን ያዘለች፣ ዘንቢል ያንጠለጠለች ሴት ጠርዙ ላይ ቆማ አየሁ። ፀሐዩ ከባድ ነበር፣ አሳዘነችኝ፣ ቆምኩላት፤ እጄንም በመስኮት አውጥቼ «እለፊ» አልኳት። እኔን አምና ገባች። ስፖኪዮ አላየሁም ነበር። በቀኜ በኩል፣ በእኔና በመንገዱ ጠርዝ መካከል ባለው ቀዳዳ አንድ ባጃጅ ሾልኮ መጣ። ልጁን እግዚአብሔር አተረፈው፤ የእርሷ እግር ግን ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ተሰበረ። ቲማቲሙ አስፋልቱ ላይ ተበትኖ ጎማዬ ሥር ድረስ ሲንከባለል ዛሬም ይታየኛል። ባለባጃጁ ጥፋተኛ ተባለ፤ እኔን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፣ እንዲያውም ብዙ ሰው አመሰገነኝ። እኔ ግን ያቺን ሴት መንገዱ መሃል የጠራኋት እኔ እንደሆንኩ አውቃለሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለተማሪዎቼ የማስተምረው ይህን ነው። ለእግረኛ ቁሙ፤ ዜብራ ላይ ከሆነ ግዴታችሁ ነው። ነገር ግን ከመቆማችሁ በፊት ስፖኪዮ እዩ፣ ፍሬኑን ቀስ ብላችሁ አስቀድማችሁ ያዙ፣ የኋላ መብራታችሁ ከኋላ ላለው ቀድሞ ይናገር። ከቆማችሁ በኋላ እጅ አታውለብልቡ። እጃችሁ የሚናገረው ስለ እናንተ መኪና ብቻ ነው፤ እግረኛው ግን መንገዱ ሁሉ ነጻ ነው ብሎ ይረዳዋል። ዝም ብላችሁ ቁሙ፤ ግራ ቀኙን ራሱ አይቶ ይለፍ። ለእርስዎም የምለው ይኸው ነው፤ በተጨማሪም ከፊትዎ ያለው የድሬ ሹፌር በማንኛውም ሰዓት ለማንኛውም ሰው ሊቆም እንደሚችል ይቁጠሩት። አዲስ አበባ ላይ ክፍተት ከተዉ ሌላ መኪና ይገባብዎታል፣ ስለዚህ ተጠግቶ መንዳት ለምደዋል። እዚህ ክፍተቱን ይተዉት፤ ቢገባም ይግባ።

ስለ ባጃጅ አንድ ነገር ልጨምር። ፍሬቻውን አይጠብቁ፤ የሹፌሩን ራስ ይመልከቱ። ባለባጃጅ የሚተዳደረው ጠርዝ ላይ በሚያገኘው ተሳፋሪ ስለሆነ ዓይኑ ከመንገዱ ይልቅ ጠርዙ ላይ ነው። ራሱ ወደ ቀኝ ዘወር ሲል አይተው እስከ ሁለት ሳይቆጥሩ ይቆማል። ራሱ ወደ ግራ ዘወር ካለና የፊት ጎማው ትንሽ ከተሰበረ ደግሞ እዚያው ሊዞር ነው፤ ባጃጅ በጣም ጠባብ ቦታ ላይ ዞሮ መመለስ ስለሚችል የትም ቦታ ለእርሱ መዞሪያ ነው። ፊት ለፊት አንድ ጎማ ብቻ ስላለው በፍጥነት ላይ መሪ ቢሰብር እንደሚገለበጥ ያውቃል፤ ስለዚህ በድንገት ሲደናገጥ አያመልጥም፣ ይቆማል። ይህን ካወቁ የት እንደሚሆን አስቀድመው መገመት ይችላሉ። ከባጃጅ ጋር የሚጋጩ አዲስ መጤዎች ብዙዎቹ ያመልጣል ብለው የጠበቁት ናቸው።

ክላክስም ሌላው መግባቢያ ነው። አዲስ አበባ ላይ ክላክስ የሚደረገው ሲቆጡ ነው፤ እርስዎም ድሬ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚሰደቡ ቢመስልዎት አይገርመኝም። እዚህ አንድ አጭር ድምፅ «ከጎንህ አለሁ» ነው፤ ሁለት አጭር ሰላምታ ነው፤ ከተከፈተ መስኮት «አቦ!» የሚል ድምፅ ካስከተለ ደግሞ ምስጋና ነው። ረጅሙ ብቻ ነው ቁጣ። በአጭሩ ክላክስ ዞረው ማን እንደሆነ አይፈልጉ፤ ዓይንዎ ከመንገድ የሚነሳበት ያ ሰከንድ ነው የሚጎዳው።

ሰዓቱንም ማወቅ ያስፈልጋል፤ ድሬ በሰዓት የምትለዋወጥ ከተማ ናት። ጠዋት መንገዱ የተረጋጋ ነው። ከቀኑ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ ጀምሮ እስከ 7 ሰዓት ድረስ ያለው ጊዜ ግን በእኔ ግምት ከቀኑ ሁሉ የከፋው ነው፤ ሙቀቱ ይበረታል፣ ሱቆች ይዘጋሉ፣ ትኩስ ጫት ይመጣል፣ ሀራራ ያለበት ሰው ትዕግሥቱ ያልቃል። ከ7 እስከ 10 ሰዓት ሰው በርጫ (የጫት መቃሚያ ሰዓት) ላይ ስለሚሆን ከተማው ጸጥ ይላል፤ አስተማማኝ ሆኖ ለመለማመድ የሚመረጠው ይህ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ የሚወጣው ሹፌር በምርቃና (በጫት ሞቅታ) ላይ ሊሆን ይችላል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ድካምን ይሸፍናል እንጂ አያጠፋም፤ ሰውየው ንቁ የሆነ ይመስለዋል፣ ርቀትና ፍጥነት ላይ ያለው ግምት ግን ከልክ በላይ ድፍረት ይይዛል፤ ሲለቀው ደግሞ ሌሊት ላይ መሪ ይዞ ያንቀላፋል። ይህን የምለው ማንንም ለመንቀፍ አይደለም፤ እኔ ራሴ ጭነት ስነዳ በጫት ሌሊቱን ያነጋሁባቸው ጊዜያት ነበሩ፣ ዛሬ ሳስበው እንዴት እንደተረፍኩ አላውቅም።

ካቲኖን ጫቱ ከተቆረጠ በኋላ በ2 ቀን ውስጥ ኃይሉን ስለሚያጣ፣ ከአወዳይ ወደ ጅግጅጋና ወደ ቶጎ ውጫሌ የሚበሩት የጫት መኪኖች ከሰዓት ጋር ነው የሚሽቀዳደሙት። በሐረር መንገድ ላይ ያገኟቸዋል። በቀን መብራታቸውን አብርተው፣ ክላክስ ሳያቋርጡ ይመጣሉ። ከእነርሱ ጋር አይፎካከሩ። ፍጥነትዎን ቀነስ ያድርጉ፣ የቀኝ ፍሬቻ ያሳዩ፣ አስፋልቱን ሳይለቁ ቀኝዎን ይያዙ። በፍጥነት ላይ ሆኖ አንድ ጎማ ከአስፋልት ማውጣት ከጫት መኪናው የባሰ አደጋ ነው።

ወደ ደንገጎ ልሂድ፤ በጥያቄዎ ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረማያ አካባቢ ያለው ደጋ 2,000 ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ ሲመለሱ ከ800 ሜትር ያላነሰ ከፍታ በአጭር ርቀት፣ በኩርባ ላይ ኩርባ በተደራረበበት መንገድ ይወርዳሉ። ይህ ለፍሬን ምን ማለት እንደሆነ ተማሪዎቼን በሒሳብ አሳያቸዋለሁ። 800 ሜትር ቁልቁል የሚወርድን መኪና በፍሬን ብቻ መያዝ፣ ያንኑ መኪና በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 20 ጊዜ አከታትሎ እስከ መቆም ድረስ ከመያዝ ጋር እኩል ሙቀት ያመጣል። መኪናው ቪትዝ ይሁን ባለተሳቢ ቁጥሩ አይለወጥም፤ ተሳቢው ግን ሙቀቱን የሚያበርድበት ፍሬን ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ስለሆነ ቀድሞ ይሸነፋል። የፍሬን ዘይትም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ ዘመኑ አልፎ እርጥበት ሲጠጣ ግን ወደ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። የፈላ ዘይት አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል፤ እግርዎ እስከ ታች ይገባል፣ መኪናው ግን አይያዝም። «ፍሬን እምቢ አለኝ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ከጉዞው በፊት ዘይቱ የተቀየረበትን ጊዜ ይጠይቁ፤ 2 ዓመት ካለፈው ያስቀይሩት።

አወራረዱ ቀላል ነው፣ የሚያስቸግረው ልማዱ ነው። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ከባድ ማርሽ ያስገቡ፤ ሲወጡ በ2ኛ የወጡትን በ2ኛ ይውረዱ። አውቶማቲክ ከሆነ ወደ 2 ወይም ወደ ኤል ያውርዱት። ሞተሩ ይጮኻል፤ ይጩህ፣ አይጎዳም። ፍሬኑን ሳያቋርጡ አይርገጡት፤ ጠበቅ አድርገው ይያዙ፣ ፍጥነቱ ሲወርድ ሙሉ በሙሉ ይልቀቁት፣ እስኪነፍስበት ይጠብቁ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ፎሌ አድርገው (ማርሹን አውጥተው) የሚወርዱ ሹፌሮች አሉ፤ አንዳንዶቹ የረጅም ዘመን ልምድ ያላቸው ናቸው፣ ይህን ልምዳቸውን ግን እንዳይወስዱባቸው እለምንዎታለሁ። ፍሬኑ የተቃጠለ ነገር መሽተት ከጀመረ ወይም ፔዳሉ ስፖንጅ የመርገጥ ያህል ከለሰለሰ፣ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልገው ይቁሙ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ያስደግፉ፣ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ፤ ውኃ አያፍሱበት።

ስትነሱ ድንጋዩን አንሱ። ይህን በተለየ መስመር የጻፍኩት በደንገጎ ላይ በዓይኔ ካየኋቸው አደጋዎች ውስጥ ከተረሳ ድንጋይ የተነሱት ብዙ ስለሆኑ ነው። የተበላሸ የጭነት መኪና ሹፌር ታኮ የለውም፤ የጭንቅላት መጠን ያለው ድንጋይ ጎማው ሥር ይከታል፣ ከኋላውም በ30 ወይም 40 እርምጃ ላይ ቅጠል ቆርጦ አስፋልቱ ላይ ያነጥፋል። ቅጠሉ ጥሩ ልማድ ነው፤ ኩርባው ላይ ቅጠል ካዩ ከኩርባው ማዶ የቆመ መኪና አለ ማለት ነውና ወዲያው ፍጥነት ይቀንሱ። መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ግን ቅጠሉ ይደርቃል፣ ድንጋዩ ግን እዚያው ይቀራል፤ ማታ ባለሞተር ያገኘዋል።

በዚህ መንገድ ላይ ከጭነት መኪና በስተኋላ ሲሆኑ የሚያጋጥምዎት ሌላ ቋንቋ አለ። ሹፌሩ የቀኝ ፍሬቻ ካሳየዎት «ፊቴ ነጻ ነው፣ እለፍ» እያለ ነው፤ የግራ ካሳየ «የሚመጣ አለ፣ አትምጣ» ማለቱ ነው። ይህም ከዚያው ደግነት የመጣ ነው፤ እኔም ለ6 ዓመት ስሠራበት ነበር። ይሁን እንጂ የቀኝ ፍሬቻው ሊቆም ስለሆነ ሊሆን ይችላል፤ የግራውም ወደ ግራ ሊታጠፍ ስለሆነ። ደግሞም እርሱ የለካው በራሱ ዓይን ነው፤ የእርስዎ መኪና ጉልበት ምን ያህል እንደሆነ አያውቅም። የግራውን ሁልጊዜ ይታዘዙ፤ በቀኙ ግን ራስዎ ሳያዩ አይደርቡ። ኩርባ ላይ ደግሞ ማንም ምንም ቢያሳይዎት አይደርቡ። ጠባብ ቦታ ላይ ፊት ለፊት ከተገናኙ የሚጠብቀው የሚወርደው ነው፤ ዳገት ላይ የቆመ ከባድ መኪና እንደገና ለመነሳት የሚያየውን አበሳ የነዳ ያውቀዋል።

ሲወጡ የሚያሳስበው ሙቀት ነው። የራዲያተሩን ውኃ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ይዩ፤ መካከል ላይ ቢሞቅ የጋቢናውን ማቀዝቀዣ (ኤሲ) ያጥፉ፣ ይቁሙ፣ ክዳኑን ግን ትኩስ ሳለ አይክፈቱት። ክረምት ላይ አናቱ ጉም ይለብሳል፤ ድሬ ላይ ፀሐይ ስለሆነ ተራራው ላይ ጉም የለም አይባልም። ዝናቡም እንዲሁ ነው። ደቻቱ የሚሞላው ድሬ ላይ ሳይሆን ተራራው ላይ በዘነበ ዝናብ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። የሰው መኪና የወንዙ አሸዋ ላይ ቆሞ ቢያዩ እንኳ እርስዎ በክረምት አያቁሙ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ሲቃረቡ ደግሞ ከደንገጎ ወደ ቁልቢ በሚወስደው መንገድ በእግሩ የሚጓዝ ምእመን ይበዛል፤ በእነዚያ ቀናት ባይነሱ ይመረጣል።

ሐረር ሲደርሱ ጠባዩ እንደገና ይለወጣል፤ እኔ የሐረርን አነዳድ ከድሬው አስበልጣለሁ። እስከ ቅርብ ጊዜ ታክሲ ሆነው በኖሩት ፔጆ 404 መኪኖች ላይ ያረጁት ሹፌሮች ቀስ ብሎ መንዳትን ለከተማው አስተምረውታል። ጀጎል በሚባለው በግንብ በታጠረው አሮጌ ከተማ ውስጥ በመኪና የሚገባው ከሐረር በር እስከ ፈረስ መጋላና ከዚያ በሚቀጥሉት ጥቂት መንገዶች ነው፤ ሌላው ለእግርና ለአህያ ነው። «መኪና ግርግር» የሚባለውን ጎዳና ስሙን ሰምተው በመኪና አይግቡበት፤ መኪናው የልብስ ስፌት መኪና ነው፣ ስሙም ከልብስ ሰፊዎቹ መኪና ድምፅ የመጣ ነው። ግንቡ ውጭ አቁመው በእግር ይግቡ።

ግጭት ቢደርስ ሰው ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይገባል፣ «ተነሱ፣ ታረቁ» ይባላል። ለተላጠ ቀለምና ለተሰበረ ስፖኪዮ ይህ መልካም ነው፤ ይታረቁ። ሰው ከተነካ ግን፣ ራሱ «ደህና ነኝ» ቢልዎትም፣ ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት፤ ለትራፊክ ፖሊስም ያሳውቁ። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው ለዚህ ነው፤ አስቸኳይ ሕክምናንም ይሸፍናል። በቦታው ተጨባብጠው ሄደው ማታ የሞተ ሰው አውቃለሁ፤ ሽማግሌዎቹ በቅን ልብ ነበር ያስታረቁት።

አምሽቶ መመለስን በተመለከተ ግን ምክሬ አይሆንም የሚል ነው። ከጨለመ በኋላ ከደጋው ከብት፣ ከቆላው ግመል መንገድ ላይ ይገኛል። ግመል ቀለሙ ከአፈሩ ጋር አንድ ነው፤ ዝቅ ያለው መብራትዎ የሚያሳይዎት 4 ቀጭን እግር ብቻ ነው። ቢገጩት እግሩን ነው የሚመቱት፤ አካሉ በኮፈኑ ላይ አልፎ በመስታወቱ ወደ ጋቢናው ይገባል። አንድ ግመል ከተሻገረ ሁለተኛው እየተከተለው ነውና ወዲያው አይነሱ። ከሐረር ከ10 ሰዓት በፊት ከተነሱ ደንገጎን በብርሃን ይወርዳሉ፤ ሥራው ካመሸብዎት እዚያው ይደሩ። የመጀመሪያውን ጉዞ ደግሞ በሥራ ቀን አያድርጉት። እሑድ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ጎንዎ አስቀምጠው ይውጡ፤ ደንገጎ መገንጠያው ጋ ሲደርሱ ሐረር ሳይገቡ ዞረው ይውረዱና ማርሽና ፍሬኑን ያለ ችኮላ ይለማመዱ።